ሳይቸግር ያጠብኩት ብር

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እትዬ ፈቅደውልኝ ነው። «ጻፈው፤ ስሜን ግን አታንሳ። ደግሞ ራስህን ጻድቅ አድርገህ እንዳትጽፍ» ብለውኛል። ሁለቱንም ትእዛዝ ለመጠበቅ እሞክራለሁ። ሁለተኛው ከበድ ይላል።

ነገሩ ስለ ብር ነው። ኪሳችን ውስጥ ስላለው ብር አይደለም፤ እሱ ስሙ ብቻ ነው ብር። 2002 ዓ.ም. የሚል ዓመት የተጻፈባትን የአንድ ብር ሳንቲማችንን ብታቀልጧት የቀለበት ፈርጥ የሚሆን ብር አይወጣትም። የማወራችሁ ገንዘቡ እውነት ብር ስለነበረበት ዘመን ነው፤ ስለ ጠገራ፣ ስለ ምኒልክ ብር፣ ስለ አላድ። እና ደግሞ ዘጠኝ ሳንቲም ለሦስት እህትማማች እንዲያካፍል ተሹሞ፣ አንዷን ሳያውቅ ስለበደለ አንድ «የተማረ» ልጅ። ልጁ እኔ ነኝ።

ዳኛው

አያቴ እምዬ በ2009 ዓ.ም. ደሴ አረፈች። ከአርባዋ በኋላ ሣጥኗ ሲከፈት፣ ከቀሚሶቿ ሥር በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር ተገኘ። ሲፈታ ዘጠኝ ሳንቲም ሆነ፦ ሰባት ጠገራ፣ አንድ የምኒልክ ብር እና አንድ አላድ፣ ማለትም የምኒልክ ግማሽ ብር።

ልጆቿ ሦስት ናቸው። ታላቋ እትዬ፣ መካከለኛዋ አክስቴ፣ ታናሿ ደግሞ እናቴ። ዘጠኝ ለሦስት ሲካፈል ሦስት ሦስት ነው፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም። ችግሩ ሳንቲሞቹ እኩል አልነበሩም። አንዱ ተበልቷል፣ አንዱ ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፣ አንዱ ከሰል መስሏል። «አንተ ኢንተርኔት ታውቃለህ፤ አይተህ ደልድልልን» ተባልኩ። እኔም ሆዬ፣ አላውቅም ማለት ነውር መስሎኝ ተሾምኩ።

መለኪያዬ አንድ ነበር፦ የሚያበራ ይበልጣል። ግን አንዱም አያበራም። ስለዚህ የምኒልኩን ብር አነሣሁና በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እፈትገው ጀመር። ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ጠቆረ። ቀስ በቀስ አንበሳው ወጣ፣ ዘውዱ ወጣ፣ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ወጣ። ዓመቱም ወጣ፦ ፲፰፻፹፱። ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ብሩ መስታወት መሰለ። ቤቱ በአድናቆት ተሞላ፤ እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ጠገራዎቹንም ልፈትግ ስነሣ መብራት ጠፋ። በሕይወቴ መብራት በመጥፋቱ ያመሰገንኩት ለዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ምስጋናው ራሱ የመጣው ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

በሻማ ብርሃን ፍርዴን ሰጠሁ። የሚያበራው የምኒልክ ብር «ብቻውን ሁለት ጠገራ ያህላል» አልኩና ከአንድ ደህና ጠገራ ጋር ለእትዬ፣ ታላቅ ናቸውና። ሦስት ጠገራ ለመካከለኛዋ፣ አላዷን በምራቂ። ማንም የማይፈልጋቸውን ሦስቱን ደግሞ ለእናቴ፦ ከሰሉን፣ የተበላውን፣ ማንጠልጠያ የተበየደበትን። ዳኛ ለራሱ ወገን አያዳላም ብዬ ኮራሁ። እናቴም ኮራች። ሦስቱም እህትማማቾች ተመራርቀው ተለያዩ።

ጋሼ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ፣ ከሰፈራችን ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የድሮ ገንዘብ ይሰበስባሉ ሲባል ሰማሁ። ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። የእናቴን ሦስት ጠገራዎች በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ። ውስጥ ውስጡን ዋጋ ማወቅ ፈልጌ ነበር፤ በዚያ ሰሞን እናቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበርና።

«ጋሼ፣ 1780 ይላል። ከ200 ዓመት በላይ ነው አይደል?»

ሳቁ። «ሁሉም 1780 ነው የሚለው ልጄ። ዓመቱን ትተህ ሳንቲሙን ተመልከት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው። ብሯ ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ በጣም ከመወደዱ የተነሣ ከሞተችም በኋላ ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት ይዞ ሲታተም ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1935፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ፣ ማተሚያ ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከተሉ። ቪየና ዛሬም ታትመዋለች። ስለዚህ እምዬ ሣጥን የተገኘው «የ1780» ጠገራ በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ከጣሊያን ጦር ጋር የገባም ሊሆን ይችላል። የሚለዩት በጥቃቅን ምልክት ነው፤ በንስሩ የጅራት ላባዎች፣ በትከሻ ጌጧ አሠራር፣ በነጥብና በፊደል አቀማመጥ።

«ያን ማንበብ ዓመታት ይፈጃል» አሉኝ። «አንተ መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ጠይቅ። እውነተኛ ነው ወይ? እውነተኛ ከሆነስ ምን ያህሉ ቀርቷል?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሚዛን አመጡ፤ የግራም መቶኛ የምትለካ ትንሽ ሚዛን። ጠገራ ሲታተም 28.07 ግራም ይመዝናል። ከሺው 833 እጁ ብር ነው፣ ቀሪው መዳብ፤ ስለዚህ ንጹሕ ብሩ 23.39 ግራም ይሆናል። አንጥረኞቻችን «ወቄት» የሚሉት ክብደት ከዚሁ ከጠገራ ክብደት ጋር አንድ ነው፤ ሳንቲሙ ራሱ የሚዛን ድንጋይ ነበር ማለት ነው። ከሰሉ 28.02 መዘነ። የተበላው 27.5። ማንጠልጠያ ያለበት 29.1።

«ይሄኛው ይበልጣል!» አልኩ።

«የበለጠው ብየዳው ነው» አሉ ጋሼ ቀና ሳይሉ።

ቀጥለው የተናገርኩትን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር አሳዩኝ። ብርጭቆ ውኃ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መለሱት። ከሰሉን በክር አስረው፣ ታቹን ሳያስነኩ ውኃው ውስጥ አንጠለጠሉት። ሚዛኑ 2.75 አነበበ። ሳንቲሙ በይዘቱ ልክ የሚገፋው የውኃ ክብደት ነው። 28.02ን ለ2.75 ስታካፍሉት 10.2 ገደማ ይመጣል፤ ከሺው 833 እጁ ብር፣ ቀሪው መዳብ የሆነ ቅይጥ ጥግግቱ ይኸው ነው። በመዳብ ወይም በነሐስ ተሠርቶ ብር የተቀባ ሐሰተኛ ቢሆን ቁጥሩ ወደ ዘጠኝ ግድም ይወርድ ነበር። ከዚያ ማግኔት አስጠጉበት፤ ዝም አለ። ጠርዙን ዞር ዞር አድርገው አዩ፤ የላቲኑ ጽሑፍ አለ። «አንድ ፈተና ብቻውን አይበቃም» አሉ። «ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው አንዱን ፈተና ያልፋል። አራቱን ማለፍ ነው የሚያቅተው።»

ምን ያህሉ ቀርቷል?

እዚህ ላይ ነው እኔ ደሴ ላይ የፈረድኩት ፍርድ መፍረስ የጀመረው።

የሳንቲም ደረጃ የሚባለው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ ሳንቲሙ ከማተሚያው ሲወጣ ከነበረው መልክ ምን ያህሉ ቀርቷል? አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለአገሩ የድሮ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚቆጥር ሚዛን አወጣ፤ ዛሬ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች የሚጠቀሙት ከሱ የመጣውን ነው። 1 ማለት ማንነቱ በጭንቅ የሚለይ ነው። ከ60 በላይ ያለው ገበያ ያልወጣ፣ እጅ ለእጅ ያልዞረ ነው። 70 እንከን የለሽ። ከ20 እስከ 35 ያለው ገበያ የዋለ ግን መልኩ ደህና የሆነ ነው፤ ብዙው የአያቶቻችን ጠገራ ከዚያ በታችና በዚያ መካከል ይወድቃል።

ጋሼ ቁጥሩን ብዙም አይወዱትም። እሳቸው የሚያዩት ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ነው። ሳንቲም የሚበላው እንደ ተራራ ነው፤ ጫፉ ቀድሞ ይሸረሸራል። በጠገራ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ የትከሻዋ ጉብታና የትከሻ ጌጧ ነው፤ በጀርባው ደግሞ ሁለት ራስ ያለው ንስር ደረት ላይ ያሉ ላባዎችና ጋሻው። በምኒልክ ብር ላይ የዘውዱ ጌጥ፣ የጉንጩ ጢም፣ የአንበሳው ጎፈር። ፀጉሩ በዘለላ ከተለየ ደረጃው ከፍ ይላል። ዘለላው ጠፍቶ ጉብታው ብቻ ከቀረ ወረድ ይላል። ጉብታውም ሜዳ ከሆነ፣ ያ ሳንቲም ብዙ ሰው አብልቷል ማለት ነው።

ከዚያ ከሰሉን አነሡ። በጠርዙ ብቻ ነው የያዙት፤ ፊቱን በጣት መንካት ክልክል ነው፣ የጣት ላብ አሻራ ይተዋልና። ከአንድ መብራት ሥር ቀስ ብለው አዘነበሉት፣ መለሱት፣ አዘነበሉት። «አየህ?»

አየሁ። ከጥቁረቱ ሥር ብርሃን ነበረ። ዝም ብሎ የሚያበራ አይደለም፤ ሳንቲሙ ሲዘነብል አብሮ የሚዞር፣ እንደ መንኮራኩር ቃጫ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጋ ጮራ። ምክንያቱን ነገሩኝ። የብረት ማኅተሙ በኃይል ሲያርፍበት ብሩ ከመሐል ወደ ዳር ይፈሳል። ሲፈስ በዓይን የማይታዩ እጅግ ቀጭን መስመሮች ይተዋል። መብራት የሚዞርባቸው እነዚያ መስመሮች ናቸው። አንዴ ከተፋቁ የሚመልሳቸው የለም፤ ሳንቲሙን እንደገና ማተም ካልሆነ በቀር።

«ጥቁረቱስ?»

«አየር ውስጥ፣ ጭስ ውስጥ፣ ቆዳ ውስጥ ድኝ አለ። ድኝ ከብር ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ የብሩ የራሱ ቆዳ ነው። ይህች ሳንቲም ገበያ ብዙ አልወጣችም። ካመጣሃቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት፤ ያውም በብዙ።»

ከሰሉ! እኔ ማንም አይፈልገውም ብዬ ለእናቴ የጣልኩት።

ማንጠልጠያ ያለበትን አገላበጡና ዝም አሉ። ቆይተው «አያትህ ድሪ ነበራት?» አሉኝ። እንዴት አወቁ ስላቸው ሁለቱን ገጽ አሳዩኝ። የንስሩ ገጽ ላባው ሁሉ ይቆጠራል። የሴትየዋ ፊት ግን እንደ ሳሙና ሟሙቷል። «ገበያ ላይ የዋለ ሳንቲም በሁለቱም ወገን እኩል ይበላል። ይሄ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲታከክ ነው የኖረው። ንስሩ ወደ ሰው፣ ፊቷ ወደ ደረት።»

ለሰብሳቢ ማንጠልጠያ የተበየደበት ሳንቲም ተጎድቷል፤ የብሩን ዋጋ ያህል ብቻ ነው የሚያወጣው። ይህን ነገሩኝ፤ አልዋሹኝም። ግን እምዬ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ቀን ጀምሮ ስንት ዓመት አንገቷ ላይ እንዳዋለችው ሳንቲሙ ራሱ ይመሰክር ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም።

ማንበብ የሚያውቁት

ይህን የማንበብ ጥበብ ከፈረንጅ የተማርነው እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ ተጓዦች ደጋግመው የጻፉት ነገር አለ፦ የገበያ ሰው ጠገራን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። የራስ ጌጧ ሰባት ነጥቦች አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። የትከሻዋ ጌጥ ጥርት ማለት አለበት። ከምስሏ ሥር ያሉት «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት መነበብ አለባቸው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ፣ ሻጩ «ሌላ አምጣ» ይላል። ፊደላቱ ምን ማለት እንደሆኑ አያውቅም፤ መኖራቸውን ግን ያውቃል።

ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራና ለአካባቢዋ ገበያ ብላ ጠገራን የሚመስል የራሷን ብር አሳትማ ነበር። መልኩ ይቀራረባል፤ ሴቲቱ ግን እሷ አይደለችም። ገበያው አየና ተወው። የራሳችን የምኒልክ ብር እንኳ በ1885 ዓ.ም. ታውጆ ፓሪስ እየታተመ ሲመጣ፣ ክብደቱ ከጠገራው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ፣ ሕዝቡ ጠገራውን ጥሎ እሱን ለማንሣት አልቸኮለም። አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ጠገራ ከገበያ አልወጣም።

«ማንበብ የማይችል ነው የምትሉት ሰው፣ ሳንቲም ማንበብ ይችል ነበር» አሉኝ ጋሼ። ዩኒቨርሲቲ በጥስ ጨርሼ ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ያጠብኩት እኔ፣ አንገቴን ደፋሁ። ገና አልነገርኳቸውም ነበር እንጂ።

«ማን አጠበው?»

ነገርኳቸው። እንደውም በኩራት ነው የነገርኳቸው፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን ከራሴ ጋር አላገናኘሁትም። «የምኒልክም አለን፤ እሱ ግን አዲስ ነው የሚመስለው» ብዬ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። ፎቶውን አሰፉት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ማን አጠበው?»

«በምን አወቁ?»

በአራት ነገር። አንደኛ፣ ብርሃኑ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚዞር ጮራ የለውም። ሁለተኛ፣ ከአንበሳው ጎን ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ የፀጉር ያህል ጭረቶች አሉ፤ የብሩሽ መንገድ ናቸው። ሦስተኛ፣ ፊደላቱ ሥር ብሩሽ ያልደረሰበት ጥቁረት ተሸሽጓል። አራተኛ፣ ጎፈሩ ገበያ እንደዋለ ሳንቲም ተበልቷል፤ ገበያ የዋለ ሳንቲም ደግሞ እንዲህ አያበራም። ዕድሜውና መልኩ ይጣላሉ።

«እንዲህ ላለው ደረጃ ሰጪዎቹ ቁጥር አይሰጡትም» አሉ። «ታጥቧል ብለው ይጽፉበታል፤ አለቀ። መበላት ነውር አይደለም ልጄ። የተበላ ሳንቲም ሥራውን የሠራ ሳንቲም ነው፤ በልኩ ደረጃ አለው። ያልሆነውን ለመምሰል የታጠበ ግን ሁለቱንም ያጣል።»

መመለስ ይቻላል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይቻልም። በድኝ መልሰው የሚያጠቁሩ አሉ፤ ጋሼ ግን «ያ ሁለተኛ ውሸት ነው» አሉ። በመጨረሻም ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ ማንም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «በሰው ላክልኝ» ቢልህ እሺ እንዳትል፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው። ማን እጠብ አለኝ?

አራት ወር

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ሒሳቡን ሠራሁት። እትዬ «ሁለት ጠገራ ያህላል» ብዬ የሰጠኋቸው፣ እኔው ያበላሸሁት ብር ነው። እናቴ እጅ ያለው «ከሰል» ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው። ሳላውቅ ለእናቴ አድልቻለሁ፤ ታላቅ እህቷን በድያለሁ። ይህን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ ጋሼ እትዬን አያውቋቸውም።

ጻድቅ አድርገህ እንዳትጽፍ ተብያለሁና ልናገር፦ አራት ወር ዝም አልኩ። ምክንያትም አላጣሁም። «ሳላውቅ ነው ያደረግሁት።» «እትዬ አይሸጡትም፤ ምን ይጎዳቸዋል?» «እናቴ ዓይኗን መታከም አለባት።» ይቺ ሦስተኛዋ ጠንካራ ነበረች። ሌሊት ላይ ግን ሌላ ነገር ይታየኝ ነበር፦ ያጠብኩትን ሳንቲም ነገር ዝም ባልኩ ቁጥር፣ ራሴንም በዚያው ብሩሽ እየፈተግሁ ነው። ላዬ ያበራል፤ ሥሬ ግን ጭረት ነው።

እናቴን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ለገና ደሴ እንሂድ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ደሴ

የ2012 ዓ.ም. ገና በዋለ ማግስት፣ ሁለተኛው ቡና ላይ፣ ሁሉንም አፈረጥኩት። ስለ ጮራው፣ ስለ ብሩሹ፣ ስለ ከሰሉ። መካከለኛዋ አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እትዬ ምንም ሳይሉ ተነሥተው ጓዳ ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ።

«በየበዓሉ በጥርስ ሳሙና አሸዋለሁ» አሉ። «አንተ እንዳሳየኸኝ። ለእምዬ ሙት ዓመት፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ። ትናንትም አሽቼዋለሁ።»

ሳንቲሙን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አዘነበልኩት። ሜዳው ሁሉ ጭረት በጭረት ሆኗል። የእኔ ጥፋት አንድ ቀን የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ በየበዓሉ ሲሠራ ነው የከረመው። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ይቅርታው ይቆይ። መጀመሪያ ክፍፍሉ ይታረም።»

ዘጠኙም እንደገና መሶቡ ክዳን ላይ ወጡ። በዚህ ጊዜ ማንም አላጠበም። አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ በጠርዙ ይዤ፣ ጋሼ እንዳሳዩኝ አሳየኋቸው፦ ይህ እዚህ ላይ ተበልቷል፣ ይህ ማንጠልጠያ አለበት፣ ይህ ታጥቧል። የድሪውን ጠገራ ስደርስ ንስሩንና የጠፋውን ፊት አሳየሁና ጋሼ ያሉትን ነገርኳቸው። ሦስቱም ዝም አሉ። እናቴ ተቀብላ በአውራ ጣቷ ልስልሱን ፊት ዳበሰችው። በጣት አይነካም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

እትዬ ከሰሉን አነሡ። «ይሄን እኔ እወስዳለሁ። ገንዘብ ገንዘብ ነው።» አልተሽኮረመሙም፤ ደስ አሉኝ። እናቴ የድሪውን ያዘች፤ ማንም አልተከራከራትም። የቀሩት ጠገራዎችና አላዷም በስምምነት ተደለደሉ። መሶቡ ላይ አንድ ቀረ፤ የታጠበው የምኒልክ ብር።

«እሱን ያጠበው ይውሰደው» አሉ እትዬ።

ጠገራ ጠርዙ ላይ የተጻፈውን የላቲን ቃል ትርጉም ጋሼ ነግረውኝ ነበር፦ «ፍትሕና ምሕረት» ይላል። ከሰሉን በጠርዙ ይዘው ሲያዩት ይህንኑ ነገርኳቸው። እትዬ ሳቁ፤ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «እንግዲያው ፍትሑን እኔ ወስጃለሁ። ምሕረቱ ያንተ ይሁን።»

የእናቴ ዓይን? የታከመችው በዕቁቤ ነው። ዕጣዬን ቀድሜ ለመውሰድ ስንት ሰው እንደለመንኩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

እና እናንተ፣ ሣጥን ውስጥ፣ ቋጠሮ ውስጥ፣ የአያት ድሪ ላይ ጠገራ ያላችሁ፦ አትጠቡት። ውኃም፣ ሎሚም፣ አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም አያስፈልገውም። በጠርዙ ያዙት፣ አንድ መብራት ሥር አዘንብሉት፣ ሁለቱንም ገጽ አስተያዩ። ለስላሳ ፌስታል ውስጥ አታክርሙት፤ ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩ አረንጓዴ ሙጫ ይተውበታል። ደረቅ ወረቀት ይበቃዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ብር ደግሞ እያደር ይጠቁራል፤ እሱም እውነት ነው።

የኔው የምኒልክ ብር ወረቀቱ ውስጥ ነው። አንዳንዴ አወጣዋለሁ። በጠርዙ ዙሪያ፣ በፊደላቱ ሥር፣ ቀጭን ቡናማ ቀለም መመለስ ጀምሯል። ቆዳው እያበቀለ ነው። ወደ መብራት ሳዘነብለው ግን ጭረቶቹ ሁሉም እዚያው ናቸው፤ አንድም አልጎደለም።